ኮምፒውተሩ አማርኛችንን ለምን በቀይ ያሰምርበታል?

እንደሚታወቀው የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የምንጽፈው በሁለት ቋንቋ ነው። ዜናውን፣ መጣጥፉንና የሬዲዮ ጽሑፉን በአማርኛ፣ አሳይመንቱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ። ሁለቱንም የምንጽፈው ግን በአንድ ፕሮግራም፣ በማይክሮሶፍት ዎርድ ነው። እንግሊዝኛው ላይ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቀይ ጠመዝማዛ መስመር ይወጣል፤ አይተን እናርመዋለን። አማርኛው ላይ ስንመጣ ግን ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀይ ይለብሳል። ርዕሱ ቀይ፣ የጸሐፊው ስም ቀይ፣ «ነው» የምትለዋ ሚጢጢ ቃል እንኳ ሳትቀር ቀይ። አማርኛ የማያውቅ የፈረንጅ መምህር የአማርኛ ደብተር ተሰጥቶት፣ ያልገባውን ሁሉ ስህተት ነው ብሎ ያሰመረበት ይመስላል። ነገሩም በትክክል እንደዚያው ነው።

ይህ ጽሑፍ ያ መስመር ከየት እንደሚመጣ፣ የአራሚውን ቋንቋ እንዴት መቀየር እንደሚቻል፣ ከቀየርነው በኋላም ለምን ነገሩ በዚያ እንደማያልቅ ለማስረዳት ይሞክራል። ርዕሱ ቀላል ሊመስል ይችላል። «ይሄ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» ያለኝ የዶርም ጓደኛ አለ። ለእኔ ግን ጉዳዩ የሰው ስም ጉዳይ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ከሚሠሩት ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብዬ አንዲት ጎበዝ ጸሐፊ ስትሠራ አይቻለሁ። ጣቶቿ አይታዩም ማለት ይቻላል። «ይሄ ቀዩ ነገር አያስቸግርሽም?» ብላት «አትየው ወንድሜ፣ እሱ የእንግሊዝኛ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ከፈለግክ እንዲህ አድርገህ ታጠፋዋለህ» ብላ ወደ ውስጥ ገባችና አራሚውን ከነጭራሹ ዘጋችው። ገጹ ጸዳ። ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ግን በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ነበር። በዚያ ማሽን ላይ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛ ስህተት ቢሠራም የሚጠቁም ነገር የለም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው መፍትሔ ወይ መስመሩን አለማየት፣ ወይ ማጥፋት ነው፤ ውጤታቸው ያው አንድ ነው። ሁሉ ነገር ቀይ በሆነበት ገጽ ላይ እውነተኛው ስህተት ከመሐል ተደብቆ ያልፋል። ሁሉ ነገር በጠፋበት ገጽ ላይም እንዲሁ።

በመጀመሪያ አራሚው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ቋንቋ የሚያውቅ ይመስለዋል። አራሚው ግን በመሠረቱ የቃላት ዝርዝር ነው። የጻፍነውን ቃል ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፤ ካገኘው ዝም፣ ካላገኘው ቀይ። በአሜሪካ ሌስ ኧርነስት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 የእጅ ጽሕፈት ለሚያነብ ፕሮግራም 10,000 ያህል ቃላት የያዘ ዝርዝር ተጠቅሞ ነበር። በ1971 ደግሞ ተማሪው የነበረው ራልፍ ጎሪን በስታንፎርድ «ስፔል» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። እኛ የምናውቀው፣ እየጻፍን ሳለ ከሥር ከሥር የሚከተለን ቀይ መስመር በዎርድ ውስጥ የመጣው በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ያው ማመሳከር ነው። ስለዚህ «ነው» በቀይ ሲሰመርበት ማሽኑ «ተሳስተሃል» ማለቱ አይደለም፤ «ይህን ቃል እንግሊዝኛ ዝርዝሬ ውስጥ አጣሁት» ማለቱ ነው። እውነቱን ነው፤ የለም።

ታዲያ ፊደሉ የእኛ መሆኑ እየታየ ለምን እንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ ይፈልገዋል? ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በዎርድ ውስጥ ቋንቋ የኮምፒውተሩ ወይም የፋይሉ ጠባይ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቃል ጠባይ ነው። አንድን ቃል ደማቅ ወይም ጋደም ያለ እንደምናደርገው ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጀርባ «ይህ እንግሊዝኛ ነው»፣ «ይህ አማርኛ ነው» የሚል የማይታይ መለያ ተለጥፏል። አራሚው የትኛውን ዝርዝር እንደሚከፍት የሚነግረው ያ መለያ ነው። አንድ ገጽ ላይ አምስት ቋንቋ ቢኖር አምስት ዓይነት መለያ ሊኖር ይችላል።

መለያውን የሚለጥፈው ማነው? ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ነው። የዊንዶውስን የአማርኛ ኪቦርድ ወይም ኪይማን በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ መርጠን ስንጽፍ፣ ዊንዶውስ ራሱ «አሁን ያለነው አማርኛ ላይ ነው» ብሎ ለዎርድ ይነግረዋል። ፓወር ግዕዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች ስንጽፍ ግን ሥራው የሚሠራው ከላይ ነው፤ ከሥር ያለው ኪቦርድ እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቆያል። ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ይወጣል፣ መለያው እንግሊዝኛ ይሆናል። እኔ የማውቃቸው ጸሐፊዎች አብዛኞቹ በፓወር ግዕዝ ስለሚጽፉ ቀይ ገጽ መብዛቱ አይገርምም።

ከዚህ የባሰው የድሮው ፎንት ነው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት በማታለል ነበር ማለት ይቻላል። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ብቻ የ«ለ»ን ወይም የ«መ»ን መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የሚወጣውን ዝብርቅርቅ ነገር ያላየ ያለ አይመስለኝም። አራሚው ይህን ሲያይ ትርጉም የለሽ እንግሊዝኛ ያያል። ከመስመሩ በላይ የሚያስፈራው ግን ኦቶ ኮሬክት የሚሉት፣ ሳይጠየቅ የሚያርመው መሣሪያ ነው። በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ያለችን ትንሽ የላቲን ፊደል ትልቅ ያደርጋል። በድሮው ፎንት ትንሿና ትልቋ የላቲን ፊደል የተለያየ የአማርኛ ፊደል መልክ ስለሚይዙ፣ ጸሐፊው ሳይነካው አንዱ ፊደል ወደ ሌላ ይለወጣል። ለመመረቂያ ጥናት የቆየ ሰነድ ፍለጋ የሄደ ሰው እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ዛሬም ያገኛል። ለእነሱ መድኃኒቱ ቋንቋ መቀየር ሳይሆን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

ዊንዶውስ በበኩሉ ናያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው በቪስታ ሲሆን፣ ቪስታ ለሕዝብ ገበያ የዋለው ጥር 1999 ዓ.ም. ነው። ዩኒኮድ በፈረንጆቹ 1999፣ ቪስታ በእኛው 1999። በመሐሉ ሰባት ዓመት ማለፉን የቀን አቆጣጠራችን ይደብቀዋል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የአማርኛውን ክፍል እንመርጣለን፤ ጽሑፉ በሙሉ አማርኛ ከሆነ ኮንትሮልን ይዞ ኤን መጫን ይበቃል። ከዚያ ከላይ ካሉት ማውጫዎች ሪቪው፣ በውስጡ ላንጉዌጅ፣ ቀጥሎ ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ የሚለውን መጫን ነው። በ2007ቱ ዎርድ ሪቪው ውስጥ ሴት ላንጉዌጅ ተብሎ ይገኛል፤ ያረጀው የ2003ቱ ላይ ደግሞ ቱልስ፣ ላንጉዌጅ፣ ሴት ላንጉዌጅ ነው። አቋራጭ የሚፈልግ ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ የተጻፈውን የቋንቋ ስም ጠቅ ቢያደርግ እዚያው ይደርሳል። የቋንቋዎች ዝርዝር ይወጣል። አምሃሪክ የሚለውን ፈልጎ ኦኬ ማለት ነው።

ገጹ ላይ ከዚያ በኋላ የሚሆነው በማሽኑ ላይ የአማርኛ አራሚ በመኖሩና ባለመኖሩ ይለያያል። ከሌለ ቀዩ በሙሉ ይጠፋል፤ ዎርድ የሚያመሳክርበት ዝርዝር ስለሌለው ዝም ይላል። አዳዲሶቹ ዎርዶች ከላይ በኩል የማረሚያ መሣሪያ እንደጎደለ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ያወጣሉ፤ እሱ ስህተት አይደለም። ካለ ደግሞ የማያውቃቸው ቃላት ብቻ ቀይ ሆነው ይቀራሉ። መኖሩን ለማወቅ በዚያው ዝርዝር ላይ ከቋንቋው ስም ጎን ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉ ፊደላት ከራይት ምልክት ጋር መኖራቸውን ማየት ነው።

እዚያው ሳጥን ውስጥ ከሥር በኩል ፊደልና ሰዋስው አታርም የሚል ትርጉም ያለው ምርጫም አለ። ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል፤ ቀዩ ያው ይጠፋላ! ልዩነቱ የሚታየው ጽሑፉ የተቀላቀለ እንደሆነ ነው። ለምሳሌ በአማርኛ ዜና መሐል የአንድ ድርጅት መግለጫ በእንግሊዝኛ ቢገባ፣ «አታርም» የተባለው መለያ እሱንም ይሸፍነዋል። ሁሉን መርጦ አምሃሪክ ማለትም እንግሊዝኛውን አማርኛ ነህ እንደማለት ነው። ስለዚህ የአማርኛውን አንቀጽ አማርኛ፣ የእንግሊዝኛውን እንግሊዝኛ ብሎ ለየብቻ መለየት ነው ትክክለኛው መንገድ። ዎርድ ቋንቋውን ራሱ እንዲገምት የሚያደርገው ምርጫም አለ፤ የእኛን ምርጫ መልሶ ሊቀይር ስለሚችል ምልክቱን ባነሳው እመርጣለሁ።

በየጊዜው ይህን ማድረግ አድካሚ ነው ለሚል ደህና ዘዴ አለ። ስታይል ከሚባለው ቦታ አዲስ ስታይል ፈጥሮ «አማርኛ ጽሑፍ» ብሎ መሰየም፣ ፎንቱን ናያላ ወይም ሌላ የሚወደውን ማድረግ፣ ፎርማት ከሚለው ቁልፍ ሥር ላንጉዌጅ የሚለውን ከፍቶ አምሃሪክ ማድረግ። ከዚያ በኋላ አንቀጹን በዚያ ስታይል ሲያደርገው ፎንቱም ቋንቋውም አንድ ላይ ይገባሉ። በሊብሬ ኦፊስ ለሚሠራ ቱልስ፣ ላንጉዌጅ ውስጥ ለተመረጠው ክፍል፣ ለአንቀጹ ወይም ለጽሑፉ በሙሉ ብሎ ለይቶ የመቀየሪያ ምርጫ አለ፤ እንዲያውም ይሄኛው የበለጠ ግልጽ ነው።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ግቢ ቴክስታይል ምህንድስና የሚማር ጓደኛዬ ጋ ስሄድ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ሪፖርት ላይ ተጨንቆ አገኘሁት። ፋይበር የሚለው ቃል ግማሹ ቦታ ቀይ ነው፣ ግማሹ ቦታ አይደለም። ይህን ቃል እንግሊዞች በአርና በኢ፣ አሜሪካኖች በኢና በአር ይጨርሱታል። ጓደኛዬ ከተለያዩ ፋይሎች እየቀዳ ያስገባቸው አንቀጾች የመጡት መለያቸውን ይዘው ነው፤ አንዱ የእንግሊዝ እንግሊዝኛ፣ አንዱ የአሜሪካ። ስለዚህ አንዱ አንቀጽ ላይ ትክክል የሆነው ሌላው ላይ ስህተት ይሆናል። «አብሽር» አልኩትና ሁሉን መርጠን የእንግሊዝ እንግሊዝኛ አደረግነው፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ቀዮች በሙሉ በእውነት መታየት ያለባቸው ነበሩ። የእንግሊዝም ሆነ የአሜሪካ ቢመረጥ ለእኔ ለውጥ የለውም። ችግር የሚሆነው ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው።

እስካሁን ያልነው መለያውን ስለማስተካከል ነው። መለያው ከተስተካከለ በኋላ አማርኛን በደንብ የሚያርም መሣሪያ ለምን እንደ እንግሊዝኛው አልሆነም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሙከራ የለም ማለት አይደለም። አስፔል የተባለው ነጻ አራሚ የአማርኛ የቃላት ዝርዝር አለው። ማይክል ጋሰር የተባሉት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ሆርንሞርፎ የተባለ፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እየፈታ የሚተነትን ፕሮግራም ሠርተዋል። ነገር ግን አማርኛ በዝርዝር ብቻ የሚያዝ ቋንቋ አይደለም።

እስቲ «ጻፈ» የሚለውን እንውሰድ። ጻፈች፣ ጽፏል፣ ይጽፋል፣ አልጻፈም፣ ስላልጻፈችለት፣ እንዲጽፉልን፣ ያስጻፈው፣ የሚጻፈውን፣ ተጻጻፉ፣ አጻጻፋቸውን፣ ጸሐፊዎቻችንም። እንዲህ እያልኩ ይህን ገጽ መሙላት እችላለሁ። እንግሊዝኛው በአምስት ቃል ይጨርሰዋል። እኛ አንድ ቃል የምንለው እነሱ ዘንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ «አላስጻፍኳችሁም» ውስጥ ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳላደረገ ሁሉም አለ።

ለዚህ ችግር ሃንስፔል የተባለው አራሚ ጥሩ መንገድ ከፍቷል። ሃንስፔል የሀንጋሪው ላስሎ ኔሜት ለሀገሩ ቋንቋ ብሎ የሠራው ሲሆን ዛሬ ሊብሬ ኦፊስም፣ ፋየርፎክስም፣ ክሮምም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ሀንጋሪኛም እንደኛ ቃል ላይ ቃል የሚቀጥል ቋንቋ ስለሆነ፣ ሃንስፔል ሁሉንም ቃል ከመዘርዘር ይልቅ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ ይዞ በደንብ ያገናኛቸዋል። «ቤት»ን ከያዘ «ቤቶች»ን፣ «ቤታችን»ን፣ «ከቤታቸው»ን ከሕጉ ያወጣቸዋል ማለት ነው። የእኛ ግስ ግን ጫፉ ላይ ብቻ አይለወጥም፤ ሆዱም ይለወጣል። «ጻፈ» ላይ ያለው ጻ፣ «ይጽፋል» ላይ ጽ ይሆናል፣ «ጸሐፊ» ላይ ጸ። በላቲን ፊደል ቢሆን አናባቢዋ ብቻ ናት የምትለወጠው፤ በእኛ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ስለተጣበቁ ፊደሉ ራሱ ሌላ ይሆናል። ከራሷም ከጅራቷም ሳይሆን ከመሐሏ የምትለወጥን ቃል በቅጥያ ሕግ ብቻ መያዝ ከባድ ነው።

ይህም ሁሉ ቢሟላ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሞክሼ ፊደላት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አራሚ ማለት «ትክክሉ ይህ ነው» የሚል ነገር ነው። ትክክሉ የትኛው ነው? «ውሃ» ነው፣ «ውኃ» ነው ወይስ «ዉሃ»? ሦስቱንም በአንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ማግኘት ይቻላል። ወደ መዝገበ ቃላት እንሂድ ብንልስ? የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ከሣቴ ብርሃን በ1951 ዓ.ም. ሲታተም ርዕሱ «የዐማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ተባለ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው ደግሞ «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። ሦስት ትልልቅ መዝገበ ቃላት የቋንቋውን ስም ራሱን ሦስት ዓይነት አድርገው ሽፋናቸው ላይ ጻፉት። ምስኪን አራሚ ምን ያድርግ?

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ አካባቢያችን እንይ። ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ከተማ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ ተብላ ትጻፋለች። ደሴ ውስጥ ስሟ በትምህርት ቤት የሚጠራው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን፣ ስሒንም ስሂንም ይሆናሉ። ደሴ ዙሪያ፣ ደሴ ዙርያ። በዜና ላይ ይህ የአጻጻፍ ጣዕም ብቻ አይደለም። ዎርድ ውስጥ ፋይንድ ብለን ሐይቅ ስንጽፍ ሀይቅን አያገኝልንም። ለእሱ ሁለቱ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው።

ወደ ሰው ስም ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ወሎ ውስጥ መሐመድን የማያውቅ የለም። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሙሃመድ፣ ሞሐመድ። ሐሰንና ሀሰን፣ ሰይድና ሠይድ እንዲሁ። በአንድ የልምምድ ጋዜጣ ላይ የአንድ አዛውንት ገበሬ ስም ርዕሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ጽሑፉ ውስጥ ሌላ ዓይነት፣ ከፎቶው ሥር ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ወጥቶ ነበር። አዘጋጆቹ ፋይንድ ብለው ሲፈልጉ ያገኙት አንዱን ብቻ ስለነበር ሌሎቹ አለፏቸው። ገጹ በሙሉ ቀይ ስለነበርም በዓይን የሚለይ ነገር አልነበረም። ጋዜጣው ሲደርሳቸው ሰውዬው እየሳቁ «ልጆቼ፣ ይሄኛው እኔ ነኝ፤ ያኛውስ ማነው?» አሉ አሉ። እሳቸው ስቀው አለፉት። ስሙ ከመታወቂያው አልገጥም ብሎት ባንክ ደርሶ የተመለሰ ሰው ግን አይስቅም፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ለዚህ ዎርድ ራሱ ትንሽ መሣሪያ ይሰጠናል። ቀይ የሆነውን ቃል በቀኝ ጠቅ አድርገን ወደ መዝገብ ጨምር የሚለውን ስንመርጥ፣ ቃሉ ከስተም በሚባል የግል መዝገብ ውስጥ ይገባል። መዝገቡን ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ከስተም ዲክሽነሪስ ገብቶ ማየትና ማረም ይቻላል፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ወደ ሌላ ማሽንም ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ለምንጽፈው ዜና ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። ደሴን በላቲን ፊደል በአንድ ኤስም፣ በሁለት ኤስም ተጽፋ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኩታበር ሁሉም ቀይ ይሆናሉ፤ ዎርድም በግምት የራሱን የፈረንጅ ቃል ያቀርባል። ቸኩሎ ሁሉንም ለውጥ የሚለውን የተጫነ ሰው አንድ ወረዳ ከካርታ ላይ ያጠፋል። የተስማማንበትን አጻጻፍ አንድ ጊዜ መዝገቡ ውስጥ ካስገባነው ግን ከዚያ ወጣ ያለው ብቻ ቀይ ይሆናል። መጠንቀቅ ያለብን የተሳሳተ ቃል በችኮላ እንዳናስገባ ነው፤ ያን ጊዜ ስህተቱ ሕጋዊ ይሆናል።

የአማርኛ አራሚ በሌለበት ማሽን ላይ ይህ መዝገብ ለአማርኛው አይሠራም። ስለዚህ ለአማርኛ ስሞች የምመክረው የቆየውን ዘዴ ነው፤ የሰዎችና የቦታ ስም ብቻ የያዘ አንድ ፋይል መክፈት። ባለ ስሙን «ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?» ብሎ ጠይቆ፣ ቢቻል በራሳቸው እጅ አጽፎ፣ ከዚያ መገልበጥ። ጽሑፉ ሲያልቅ ሞክሼዎቹን አንድ በአንድ በፋይንድ መፈለግ፤ መሐመድ ብለን የወሰንን እንደሆነ መሀመድንና ሙሐመድን ፈልጎ አለመኖራቸውን ማረጋገጥ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጨረፍ አድርጌ የማልፈው አራት ነጥብን ነው። ብዙ ሰው ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመጫን ነው። በዓይን ሲታይ አራት ነጥብ ይመስላል፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የቃል መለያ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። በሪፕሌስ ሁለቱን ሁለት ነጥብ በአንድ አራት ነጥብ መተካት ቀላል ነው። ስልክ ላይ ለምንጽፈው ደግሞ፣ የቋንቋው ኪቦርድ ሳይቀየር በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ኦቶ ኮሬክትን መጋበዝ ነው፤ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ ስላለው እሱን ጨምሮ መጠቀም ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አራሚ የማያየው ስህተት አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲኬድ ያለው ሜዳ ጨፋ ነው። «ጠፋ» ተብሎ ቢጻፍ ማንኛውም መዝገብ ዝም ይላል፤ ጠፋ ቃል ነዋ! ይሄ ያስቃል። «ኃላፊው ቦታውን ለወጣቶቹ ሰጡ» ለማለት «ሸጡ» ቢባልስ? ሰ ከሸ የምትለየው ራሷ ላይ በሚጨመር ሰረዝ ነው። ሁለቱም ንጹህ አማርኛ ናቸው፣ መለያቸውም አማርኛ ነው፣ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አሉ። አንዱ ዜና ነው፣ ሌላው ክስ። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ጎን የሚቀመጥ ሁለተኛ ሰው ነው። በእኛ ባች አንዳንዶቻችን ጽሑፍ ከማስረከባችን በፊት ሁለት ሁለት ሆነን መነባበብ ጀምረናል፤ አንዱ ከስክሪኑ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ከደብተሩ ይከታተላል፣ ስም ሲደርስ ፊደሉን ይጠራል፤ «ሐመሩ ሐ ነው ወይስ ሃሌታው ሀ?»